ከቢሮ ሥር ያለው ጀበና ቡና፦ ሲኒው፣ በርጩማውና ወሬው

ረፋዱ 4 ሰዓት ላይ አዲስ አበባ ውስጥ ጉዳይ ለማስጨረስ ቢሮ የሄደ ሰው ብዙ ጊዜ የሚቀበለው ወንበር ላይ የተንጠለጠለ ኮት ነው። «አሁን እዚህ ነበር» ይባላል። የኮቱ ባለቤት ሕንፃው ሥር፣ ዝቅ ያለች በርጩማ ላይ ጉልበቱ አገጩን ሊነካ ተቃርቦ፣ ሲኒ ይዞ ስለ አርሰናል ተከላካይ ወይም ስለ ዶላር ምንዛሪ እያስረዳ ነው።

እዚህ የሚመዘነው ያ ቦታ ነው። አንዷን ባለ ቡና ለይቶ ለማመስገንም ሆነ ለመውቀስ አይደለም። ስለ ማኪያቶ አረፋ ስንትና ስንት ይባላል፤ በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ ስለምንከፍልበት ጀበና ግን «የእሷ ቡና ትጥማለች» ከማለት ያለፈ ነገር አይሰማም። ለምን እንደምትጥም፣ ለምንስ ረቡዕ ዕለት እንደማትጥም የሚያውቅ ጥቂት ነው።

ብዙ ሰው ቡናን በጥቁረቱና በምሬቱ ይለካል። ሁለቱም ያሳስታሉ። ቡናው የጠቆረው ምጣዱ ላይ ከስሎ ሊሆን ይችላል፤ የመረረውም አተላ ላይ ደጋግሞ ስለፈላ ሊሆን ይችላል። ይልቅ ሰዓታችሁን እዩ። ጀበናው ከእሳት ከወረደ በኋላ ቢያንስ ሦስት ደቂቃ፣ ቢቻል አምስት፣ ማቶቱ ላይ ዘንበል ብሎ ይቀመጣል ወይ? ከተቀመጠ ቦታዋ ጥሩ ናት፤ የቀረው በኋላ የሚታይ ነው። ካልተቀመጠ ግን ቄጠማውም እጣኑም አያድነውም።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። ጀበና ውስጥ የቡናው ዱቄት ከውሃው ጋር አብሮ ይፈላል እንጂ እንደ ማሽን ቡና በወንፊት አይለይም። የሚለየው ስበት ነው፤ ዱቄቱ ወርዶ ሆዱ ውስጥ ይተኛል፤ ጠጪው የሚያገኘው ከላይ ያለውን ነው። ጀበናውን ዘንበል ማድረግም ለጌጥ አይደለም። አተላው በአንድ ጎን ስለሚከማች ሲቀዳ አይረበሽም። አንዳንዷ አፉ ላይ የፈረስ ጭራ ወይም ቃጫ ትወትፋለች፤ እሱም ትልልቁን ብናኝ ያስቀራል፤ ደቃቁን ግን አያስቀርም። ምላስ ላይ አሸዋ አሸዋ የሚለው፣ ሲኒው ግርጌ ጭቃ መስሎ የሚቀረው፣ ካልሰከነ ጀበና የተቀዳ ነው።

ለዚህ ነው መጀመሪያ ጀበና መቁጠር ያለባችሁ። አንድ ሊትር ውሃ የሚፈላበት ጀበና በከሰል ምድጃ ላይ እስኪገነፍል ከ12 እስከ 15 ደቂቃ ይወስዳል፤ መስከኛውን ሲጨምሩበት 20 ደቂቃ ገደማ ይሆናል። ከእሱ የሚወጣው ከ10 እስከ 12 ሲኒ ነው። ስለዚህ አንድ ጀበና ብቻ ያላት ባለ ቡና በሰዓት ከ30 እስከ 35 ሲኒ በላይ በአግባቡ ማፍላት አትችልም። ከምሳ በኋላ ባለው ግማሽ ሰዓት 30 ሰው ከመጣ የምትሰርቀው ከመስከኛው ጊዜ ነው፤ ሌላ የምትሰርቅበት የላትም። ሁለት ጀበና ያላት አንዱ ሲሰክን ሌላውን ትጥዳለች። ሦስት ካላት ደግሞ ንግዱን አውቃዋለች ማለት ነው፤ በርጩማ ፈልጉ።

መጠኑን በተመለከተ፣ ለአንድ ሊትር ውሃ ከ60 እስከ 80 ግራም የተፈጨ ቡና ተገቢ ነው፤ ሞላ ባለ የሾርባ ማንኪያ ከሰባት እስከ ዘጠኝ ማለት ነው። ከ50 ግራም ሲወርድ ቡናው ሻይ ሻይ ይላል፤ ይህን ለመሸፈን ረጅም ሰዓት ይፈላና ምሬቱ ይወጣል፤ ጠጪውም «ኃይለኛ ናት» ብሎ ይሄዳል። ሒሳቡም እነሆ፦ አንድ ኪሎ ጥሬ ቡና ሲቆላ ከ15 እስከ 20 በመቶ ክብደቱን ያጣል። የቀረው ከ800 እስከ 850 ግራም ነው፤ በ70 ግራም ሲካፈል 12 ጀበና ያህል፣ ወደ 130 ሲኒ ገደማ ይሆናል። ባለ ቡናዋ ከአንድ ኪሎ 200 ሲኒ አወጣለሁ ካለች ወይ ሲኒዋ አንሷል፣ ወይ ቡናዋ ቀጥኗል፣ ወይ ደግሞ ሌላ ነገር ገብቶበታል።

ሌላ ነገር ያልነው ገብስና ሽምብራ ነው። ተቆልተው ሲፈጩ መልካቸው ከቡና አይለይም፤ ዋጋቸው ግን ይለያል። በ2017 ዓ.ም. አጋማሽ በዓለም ገበያ አንድ ፓውንድ (ግማሽ ኪሎ ገደማ) አረቢካ ቡና ለመጀመሪያ ጊዜ ከ4 ዶላር ሲያልፍ፣ ከዚያ ቀደም ብሎም ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ሲደረግ፣ የጥሬ ቡና ዋጋ መርካቶም ዝም ብሎ አልተቀመጠም። ስለዚህ ተፈጭቶ በላስቲክ የመጣ ቡና ስታዩ ጠርጥሩ። ቀላል መሞከሪያ አለ፦ ከዱቄቱ አንድ ቁንጥር ቀዝቃዛ ውሃ ላይ በትኑ። ንጹሕ ቡና ቅባትና አየር ስላለው ለጊዜው ይንሳፈፋል፤ እህሉ ቶሎ ሰምጦ ውሃውን ያደፈርሰዋል። ፍርድ ቤት የሚቀርብ ማስረጃ አይደለም፤ ነገ የት መጠጣት እንዳለባችሁ ለመወሰን ግን ይበቃል።

ዓይናችሁ ሥር የምትቆላ ባለ ቡና ይህን ጥርጣሬ አስቀድማ ታጠፋዋለች። አቆላሏ ላይ ሦስት ነገር ተመልከቱ። አንደኛ፣ ቡናውን ታጥባለች? መታጠቡ አቧራውንና ስስ ገለባውን ያስወግዳል፤ ካልታጠበ ገለባው ቀድሞ ይቃጠልና ጭሱ ፍሬው ላይ ይቀመጣል። ሁለተኛ፣ እሳቷ እንዴት ነው? በረጋ እሳት አረንጓዴው ቢጫ፣ ቢጫው ቀረፋማ፣ ከዚያ ቡናማ ይሆናል፤ መንጣጣት ሲጀምር ብዙም አይቀረው፤ ጠቅላላው ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ነው። እሳቱ ከበረታ በአምስት ደቂቃ ውጪው ይጠቁራል፤ ፍሬውን ለሁለት ብትሰብሩት ውስጡ ገና ገርጥቶ ታገኙታላችሁ። እንዲህ ያለው ቡና በአንድ ጊዜ ይመራል፣ ሣር ሣርም ይላል። ሦስተኛ፣ ከቆላች በኋላ ትለቅማለች? ሳይበስል የተለቀመ ፍሬ የቱንም ያህል ቢቆላ ነጣ ብሎ ይቀራል፤ አንድ ጀበና ውስጥ አሥራ አምስት ፍሬ ያህል ከገባ ጣዕሙ ወደ ኦቾሎኒ ይሄዳል። በሰፌድ አንገዋላ በጣቷ የምትለቅመዋን ካገኛችሁ ወረፋውን ታገሡ።

አሁን የተቆላ ቡና ሲፈላ በጀበናው አንገት ሽቅብ ይወጣል፤ ገና ከምጣዱ ሲወርድ ውስጡ ያመቀውን አየር እየለቀቀ ስለሆነ ነው። በዚህ ሰዓት ያወቀችዋ ጀበናውን ታነሣለች፤ አንድ ሲኒ ቀድታ መልሳ ትጨምራለች፤ እንደገና ትጥዳለች፤ ሁለቴ ወይም ሦስቴ። ያላወቀችው ይገነፍልባታል፤ ከሰሉ ይንጫጫል፤ አመዱ ይነሣል፤ ከቡናው ምርጡ ምድጃው ላይ ቀረ። በነገራችን ላይ አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ የባሕር ዳርቻ ከተሞች የሚቸገሩበት 100 ዲግሪ እዚህ የለም። ጀበና ላይ የሚንተከተከው ቡናችን የማያቃጥል ለስላሳ ጣዕም ከሚያገኝባቸው ምክንያቶች አንዱ ይኸው ሊሆን ይችላል። ተመሳሳዩን አፈላል ዱባይ ወይም ቴል አቪቭ ያለች እህት ስትሞክረው ቶሎ ቢመርባት፣ እጇን መውቀሱን ትታ እሳቷን ትቀንስ።

አቀዳዷን ከቅርብ ብታዩት አይከፋም። ረከቦቱ ላይ ስድስት ሲኒ ተጠጋግተው ተደርድረዋል፤ ስኳሩ አስቀድሞ ገብቷል። ጀበናው ከሲኒው አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ ይጀምራል፤ ቀጭኗ ጅረት ሳትቋረጥ ከአንዱ ወደ ሌላው ታልፋለች። ቀጥ አድርጋ እየመለሰች እያንዳንዱን ለየብቻ የምትቀዳ ከሆነ ጀበናው በተንቀሳቀሰ ቁጥር አተላው ይነሣል፤ አራተኛው ሲኒ ላይ ቀለሙ ደፍርሶ ታዩታላችሁ። ጅረቷን ሳታቋርጥ የምትቀዳው የመጨረሻውን ሲኒም እንደ መጀመሪያው ታጠራዋለች፤ ጀበናው ውስጥ የቀረውን ሁለት ጉንጭ ያህልም ትተወዋለች። ያን ሁለት ጉንጭ ለመቆጠብ የምትጨምቀው የስድስተኛውን ሰው ቀን ታበላሻለች። ስድስተኛው ሰው ብዙ ጊዜ አዲስ የመጣው ደንበኛ ነው፤ አይመለስም።

ስኳሩ ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። «ጋሼ፣ ስኳሩ ይብዛ ይነስ?» ሳትል ሁለት ማንኪያ የምትጨምር ብዙ ናት። ሲኒው 70 ሚሊ ሊትር ሆኖ ሁለት የሻይ ማንኪያ ስኳር ከገባበት የቡናውን ጥራት ማንም አይለየውም፤ ምናልባት የተፈለገውም ያ ነው። ቦታውን ለመመዘን የመጀመሪያውን ሲኒ ያለ ስኳር ጠጡ። ጤና አዳም ካለ ሁለተኛው ላይ ይግባ፤ ጥሩ ቡናን ያደምቃል፣ መጥፎውንም ይሸፍናል።

ቡናው ከየት እንደመጣ መጠየቅም ነውር የለበትም። የሐረር ፀሐይ ላይ ከነገለባው የደረቀ ቡና ፍራፍሬ ፍራፍሬ ይላል፤ የታጠበ ይርጋጨፌ ቀለል ብሎ አበባ አበባ ይሸታል፤ የጅማ ከበድ ብሎ አፍ ይሞላል። ለጀበና አቆላል ብዙ ጊዜ የሚስማማው ሦስተኛው ነው፤ ይርጋጨፌን አጥቁሮ መቁላት የሐር ነጠላ ለብሶ ጭቃ እንደ መርገጥ ነው። «ይርጋጨፌ ነው» እያለች አጥቁራ ለምትቆላ ባለ ቡና ተጨማሪ አትክፈሉ።

አሁን ወደ በርጩማው። በ2016 ዓ.ም. የኮሪደር ልማቱ ከተጀመረ ወዲህ ፒያሳና ካዛንቺስ የነበሩት ብዙዎቹ የመንገድ ዳር ቡናዎች ከቤቶቹ ጋር ተነሥተዋል። የተረፉት ወደ ሕንፃ ምድር ቤት፣ ወደ ደረጃ ሥር፣ ወደ ኮንቴይነር ገብተዋል። ዝናብና አቧራ ቀርቷል፤ ጭሱ ግን አብሮ ገብቷል። ከሰል በተዘጋ ቦታ ሲነድ ሽታ የሌለው መርዛም ጋዝ ይለቃል፤ ራስ ምታቱን ሰው በእጣኑ ያሳብባል። በሩ ክፍት የሆነበትን፣ ምድጃው ወደ ውጪ የሚተነፍስበትን ምረጡ። ደረጃ ሥር ያለ፣ መስኮት የሌለው፣ ከሰል የሚነድበት ቦታ ቡናው የቱንም ያህል ቢጥም ከአንድ ሲኒ በላይ አትቀመጡበት። የኤሌክትሪክ ምድጃ ያላት እዚያ ትመረጣለች፤ መብራት በሄደ ጊዜ ግን ስንቅ የላትም። አንዳንዷ ጀበናውን በቀጥታ የጋዝ ነበልባል ላይ ትጥደዋለች፤ ሸክላ ያን አይወድም፣ ግርጌው ይሰነጠቃል። የጋለ ጀበና ውስጥ ቀዝቃዛ ውሃ መጨመርም ያው ነው። አዲስ ጀበና ከገዛች ደግሞ በአሮጌ የቡና አተላ ሦስት አራት ጊዜ አፍልታ ካላሟሸችው ሳምንት ሙሉ አፈር አፈር ይላል፤ ጀበናው አዲስ መሆኑን ካያችሁ ጠይቋት፣ አትቀየምም።

የሲኒው እጥበት ግን ብዙዎቹ የሚወድቁበት ነው። አንድ ባልዲ ውሃ ጠዋት ተሞልቶ እስከ ማታ የሚያገለግልበት ቦታ አለ። ዝቅተኛው መስፈርት ሁለት ዕቃ ነው፤ አንዱ በሳሙና ማጠቢያ፣ ሌላው በንጹሕ ውሃ ማለቅለቂያ፤ ሁለተኛው ሲደፈርስ መቀየር አለበት። ሲኒውን ከመቅዳቷ በፊት በፈላ ውሃ የምታለቀልቀዋ ሁለት ነገር ታደርጋለች፦ ታጸዳለች፣ ሲኒውንም ታሞቃለች። ቀዝቃዛ ሲኒ 70 ሚሊ ሊትር ቡናን በደቂቃ ውስጥ ለብ ያደርገዋል። «እናቴ፣ ሲኒውን በሙቅ ውሃ ለቅለቅ አድርጊልኝ» ማለት ነውር አይደለም።

ከዚያ ወሬው አለ፤ የሚከፈለው ገንዘብ ግማሹ የሱ ነው። በርጩማዎቹ ክብ ከሠሩ ሁሉም የአንድ ወሬ ታዳሚ ይሆናል፤ ግድግዳ ተከትለው በመስመር ከተደረደሩ ግን ሁለት ሁለት ሆኖ ሹክሹክታ ይጀመራል። ሰኞ የሚወራው የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ነው። ማክሰኞ ደግሞ፣ ቅዳሜና እሑድ የታየው ተከታታይ ድራማና ቲክቶክ ላይ የተባለው ይነሣል። ከወሩ 20 በኋላ ሌላ ርዕስ የለም፤ ደመወዝ ነው። ሐምሌ 2017 ግብር የማይቆረጥበት የደመወዝ ጣሪያ ከ600 ወደ 2,000 ብር ከፍ ሲል፣ ስሌቱ ከሒሳብ ክፍል ቀድሞ የተሠራው ሲኒ ዙሪያ ነበር፤ ጳጉሜን 4 የሕዳሴ ግድብ ሲመረቅም አንድ ሲኒ ሁለት ሰዓት የተጠጣበት ቦታ አይጠፋም። እንዲህ ባለ ቀን ባለ ቡናዋ ትከስራለች፤ ወንበሩ ተይዟል፣ ሲኒው ባዶ ነው። ጨዋ ደንበኛ በየ20 ደቂቃው አንድ ይጨምራል፤ ካልሆነ ወንበር ይለቃል።

አንድ ማስጠንቀቂያ። ያቺ ባለ ቡና ለእናንተ የቀዳችው ለአለቃችሁም፣ ለሰው ኃይል ክፍሉም፣ ለጥበቃውም ትቀዳለች። ዝውውርና ዕድገት ከማስታወቂያ ሰሌዳው ቀድሞ እሷ ጋ ይደርሳል። ጥሩዋ ትሰማለች፣ ሲኒ ትሰበስባለች፣ አትናገርም። «እገሌ ጠዋት እዚህ ሆኖ ምን እንዳለ ታውቃለህ?» ብላ የጀመረችላችሁን ዕለት ግን ሒሳባችሁን ከፍላችሁ ቦታ ለውጡ፤ ነገ «እገሌ» እናንተ ናችሁ።

ዱቤም አለ። ደብተር ላይ ስም፣ ከስሙ ፊት ጭረት። ችግሩ የሚመጣው «እኔ ልክፈል፣ ተው እኔ» ተብሎ ሳይለይ ሲቀር ነው፤ አምስቱ ሲኒ አንዳንዴ ሁለት ሰው ላይ ይጻፋል፣ አንዳንዴም ማንም ላይ አይጻፍም። ለወር አታጠራቅሙ፤ በየዓርቡ ዝጉ፤ ስትዘጉም ጭረቱን አብራችሁ ቁጠሩና መስመር ይሠመርበት። በቴሌብር የምትከፍሉ ከሆነ ደረሰኙን አሳይታችሁ ጭረቱ ሲሰረዝ እዩ። መተማመን ጥሩ ነው፤ ግን ባለ ቡናዋ በቀን መቶ ሲኒ ስትቀዳ የእናንተን ሦስት እንድታስታውስ መጠበቅ ግፍ ነው።

ቡናዋ ረቡዕ ለምን እንደማትጥም መጀመሪያ ላይ የተነሣው ጥያቄ መልስም እዚህ ነው። በጾም ቀን ወተት የሚተው ማኪያቶ ጠጪ ሁሉ ወደ ጀበና ይዞራል። ሰው በዛ፣ ጀበናው ያው ነው፣ የጠፋው መስከኛው ነው። ዓርብ የመንግሥት ቢሮ የምሳ ሰዓት ከ5:30 እስከ 7:30 ስለሆነ ግፊቱ ይከፋፈላል፤ ረቡዕ ግን ሁሉም 7 ሰዓት ላይ ይወርዳል። ረቡዕ ወይ 6:35 ላይ ከምሳ በፊት ጠጡ፣ ወይ እስከ 8 ሰዓት ታገሡ።

ሰዓት ከተመረጠ ምርጡ ረፋድ ከ3:30 እስከ 4:30 ያለው ነው፤ የዕለቱ ቡና የተቆላበት፣ ጀበናው ከአቦል ያላለፈበት። ከ10:30 በኋላ የሚመጣውን ግን እወቁት። ብዙዎቹ ባለ ቡናዎች በዚያ ሰዓት አዲስ አይጥዱም፤ አተላው ላይ ውሃና አንድ ማንኪያ ቡና ጨምረው ያፈሉታል። ቤት ውስጥ ስሙ በረካ ነው፤ ለምርቃቱ ይጠጣል፣ አይከፈልበትም። እዚህ ግን በአቦል ዋጋ ነው። ጀበናውን አንሥታችሁ ብታዩት ሆዱ ከብዷል፤ አተላው ሞልቶታል። ያን ጊዜ ሻይ እዘዙ።